የመሪጌታ ላቀ ሁለተኛ ዓይን

ከጎንደር ከተመለስን ወዲህ የሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፋሲልን አያችሁ?» አዎ፣ አይተናል። ግንቡ ትልቅ ነው፣ የድንጋይ ነው፣ እዚያው ቆሟል፤ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ግንቡ ሳይሆን ስለ አንድ ዓይን ነው። የልጄ ትዳር በዚያ ዓይን የተነሳ ሳይጀመር ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ከአዳማ ወጥታችሁ የማታውቁ፣ ለመውጣትም ሐሳብ የሌላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ይህን አንብባችሁ የሄዳችሁ ያህል ቁጠሩት።

ለማያውቁኝ፣ ሙላት እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አነሳ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አጥንት ሳይ ኖሬ የሰው ፊት ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። ጡረታ እንደወጣሁ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁና ፊት ማንሳት ጀመርኩ። ሥራው ቢቀየርም አፌ አልተቀየረም፤ ሰው ፊቴ ሲቆም «ትንፋሽ ሳብ! ያዝ! እንዳትነቃነቅ!» እላለሁ። ስለዚህ እኔ ያነሳሁት ሰው ሁሉ ጉንጩ የተነፋ ነው። ሌላም የለመደብኝ ነገር አለ፤ አንድን ሰው አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን ካላነሳሁት ሥራው ያለቀ አይመስለኝም። ደረት የሚነሳው እንደዚያ ነውና።

ባለቤቴ አስካለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበረች። እሷ ደግሞ ጡረታ ስትወጣ ቀለምና ብሩሽ ገዛች። መጀመሪያ የሳለችው ግቢያችን ውስጥ ያለውን የፓፓያ ዛፍ ነበር። ሳሎን ሰቀልነው። ጎረቤታችን አይታ «ውይ! ጋሼ ሙላትን ቁርጥ አድርገሽዋል» አለቻት፤ አስካለም አላረመቻትም። ሰው ለመሳል ብትሞክር ተቀምጦ የሚጠብቃት ጠፋ፤ ሞዴሉን እንደ ተማሪ «ቀና በል! እጅህን ሰብስብ!» ትለዋለች፤ ማን ይችላታል? ስለዚህ ከእኔ ፎቶ እያየች መሳል ጀመረች። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ክርክር አንድ ሆነ። ሥዕሉ ሲበላሽ እሷ «ፎቶው ነው» ትላለች፣ እኔ «እጅሽ ነው» እላለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ልጃችን ናትናኤል ጎንደር ተቀጥሮ ሲሠራ ትርንጎ የምትባል፣ ፒያሳ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ወደደ። አባቷ መሪጌታ ላቀ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ልጃችን ሽማግሌ ላከ። መሪጌታም «ልጁ ሸጋ ልጅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ወላጆቹን ግን አላውቅም። ይምጡና ቤቴ ይደሩ፤ አይቸ እመልሳለሁ» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው። ትርንጎ ደግሞ አባቷ እንቢ ካሉ ከቃላቸው እንደማትወጣ ለልጃችን በግልጽ ነግራዋለች። እንግዲህ የምንሄደው ለመታየት ነበር።

ናትናኤል በስልክ ለመነን። «አባባ፣ ካሜራውን ተወው። እማማ፣ ቀለሙን ተይው። እባካችሁ እንደ ሰው ወላጅ ሂዱ።» እሺ አልነው። እኔም ካሜራዬን ለመሪጌታ በገዛነው ጋቢ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

የመጀመሪያው ቀን። መንገዱ ሰላም በነበረበት ሰሞን ነው፣ ወሩ ኅዳር መባቻ። አዲስ አበባ አድረን ገና ጎህ ሳይቀድ ተሳፈርን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አውቶቡሱ ከመናኸሪያ ሳይወጣ ተኛ። አባይ በረሃ ስንደርስ ካሜራዬን ወደ መስኮቱ ሳነሳ እንቅልፋሙ ወደ ፊት ይወድቃል፣ ሳወርድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከሸለቆው ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ላይ ግንባሩ አለ። አስካለ ካሜራውን ስታይ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለችኝ፤ ዝምታዋን መጠርጠር ነበረብኝ። ሸለቆው ውስጥ ሙቀቱ ሲመጣ እኛ አዳማዎቹ ብቻ ደስ አለን፤ ሌላው ሰው ሲያልበው እኛ ሹራባችንን አወለቅንና ቤታችን የደረስን ያህል ተዝናናን።

ደብረ ማርቆስ ለምሳ ወረድን። ያዘዝነው ተጋቢኖ ሽሮ እየተንተከተከ ሲመጣ ረዳቱ «ሳፋሪ! ሳፋሪ! ልንነሳ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሽሮው እንኳን ሊበላ ሊቀረብም አይቻልም። የምግብ ቤቷ ባለቤት እንጀራውን በሽሮው ለውሳ፣ በፌስታል ጠቅልላ አውቶቡሱ በር ድረስ ሮጣ ሰጠችን። አዳማ ቢሆን በር ድረስ የሚሮጡብህ ሂሳብ ሳትከፍል ከወጣህ ነው። ማታ ባሕር ዳር አደርን፤ ከተማዋን አላየኋትም፣ አልጋዋን ግን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ ቀን። በሚኒባስ ወደ ጎንደር ስንጓዝ እንፍራንዝ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ሁላችንም ወረድን። ከመንገዱ በላይ፣ ኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። አስካለ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ለወይዘሮ እማዋይሽ፣ ማለትም ለልጅቷ እናት፣ የገዛነውን ነጠላ ፈታች። ከውስጡ ቀለም፣ ብሩሽና ትንንሽ ሸራዎች ወጡ። ዝምታዋ ያኔ ገባኝ።

ጎማው ተቀየረ፣ ሰው ተሳፈረ፤ አስካለ ግን የግንቡ አንደኛው ማማ ቀርቷታል። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ዞር ብላ «ቁጭ በል!» አለችው። ርዕሰ መምህርትነት በጡረታ አይለቅም፤ ሹፌሩም ቁጭ አለ። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «ምነው እትየ፣ ግንቡ የትም አይሄድ!» ይላል፣ ግማሹ ወርዶ ከኋላዋ ቆሞ «በቀኝ በኩል ፈረስ ያለ ይመስላል፣ ጨምሪበት» እያለ ይመክራታል። ፈረሱን ጨመረችበት። ሥዕሉን አሁን ያየ ሁሉ ፈረሱን ውሻ ይለዋል።

ጎንደር እንደገባን ባጃጅ ያዝን። አዳማ ባጃጅ ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይፈሳል፤ የጎንደር ባጃጅ ግን ዳገት ሲወጣ ያቃስታል። አንዱ ዳገት ወገብ ላይ ቆመብንና ባለባጃጁ በትሕትና «አያ፣ ትንሽ ይገፉልኛል?» አለኝ። «እሷስ?» ብዬ ስጠይቀው «እትየማ እንግዳ ናቸው» አለኝ። እኔ ምን እንደሆንኩ አልነገረኝም። ፒያሳ አካባቢ ያረፍንበት ቤት እንግዳ ተቀባይዋን ከልማድ የተነሳ «ክፍሉ ቬንትሌተር አለው?» ብዬ ጠየቅኋት። ትክ ብላ አየችኝና ሦስት ብርድ ልብስ አመጣች። ምሽቱን አራተኛውን ፍለጋ ሄድኩ፤ ጠረጴዛዋ ላይ አጥፋ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ።

ሦስተኛ ቀን። ፋሲልን አየን፤ ይህን ከላይ ብያለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሄድን። ሥዕሎቹን የሚያስረዳ አንድ ዲያቆን ግድግዳው ላይ ስለተሳሉት ሰዎች ዓይን አንድ ነገር ሲናገር ነበር። እኔ የካሜራዬ ፍላሽ እንዳይበራ ማጥፊያውን ስፈልግ አልሰማሁትም። አስካለ ደግሞ አንገቷን ወደ ላይ ቀስራ የጣሪያውን መላእክት እያየች «ይህ ሰው ይህን ሁሉ ሲስል አንገቱ እንዴት ተረፈ?» ትለኛለች። ያን ዲያቆን አድምጠነው ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረ።

ናትናኤል ፒያሳ ምሳ ጋበዘን። ካሜራው አንገቴ ላይ ነው፣ የእናቱ ጣት ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል። አየን፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ። «እሺ» አለ። «እሺ። ቢያንስ መሪጌታ ሲናገሩ አታቋርጧቸው። ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ዘራችሁን ተዘጋጁበት። እና እባካችሁ፣ በእግዚአብሔር፣ እርስ በርስ አትጨቃጨቁ።» እሱ ራሱ መልስ ሳያገኝ እዚያ ቤት ደጃፍ ድርሽ አይልም፤ ወጉ አይፈቅድም። ተሰናብቶን ከሄደ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቶ «አደራ» አለን።  ልጄ በመልክ እኔን፣ በኩራት እናቱን ነው፤ ሰው ሲለምን አይቼው አላውቅም ነበር።

አራተኛ ቀን፣ ረቡዕ። ትክል ድንጋይ በሚኒባስ ገባን። ገበያውን አቋርጠን መንገድ ስንጠይቅ ሁሉም «እዚህች ናት» ይለናል። አዳማ «እዚህች» ማለት ከመብራት ኃይል እስከ ዳቦ ቤቱ ነው። እዚያ «እዚህች» ማለት አንድ ወንዝ፣ አንድ ዳገት፣ እንደገና አንድ ወንዝ ነው። ጤፍ የሚያጭዱ ሰዎች ቀና እያሉ ሰላምታ ይሰጡናል፣ የሰላምታው ማለቂያ የለውም፤ የእኛን፣ የከብቶቻችንን፣ የአዝመራችንን ደህንነት ይጠይቃሉ። አስካለ «ፓፓያው ደህና ነው» አለች። ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ ሳንጠይቀው ሻንጣችንን ወስዶ አህያው ላይ ጫነና መሪጌታ ደጃፍ ድረስ አደረሰን። ሊመሰገን እንኳ አልቆመም።

መሪጌታ ላቀ ዋርካ ሥር ዱካ፣ ማለትም አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ዜማ ያስቀጽሉ ነበር። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የሦስት ሰው ነው። ወይዘሮ እማዋይሽ ከማድ ቤት ወጥተው ጉልበታችንን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም፤ ወዲያው እግራችንን ለማጠብ ሞቅ ያለ ውሃ አመጡ። የእኔ ካልሲ አውራ ጣቴ ላይ ተቀድዷል። አስካለ በዓይኗ ገደለችኝ። እማዋይሽ ግን ጣቴን እንዳላዩ ሆነው አጠቡና «የመንገድ ድካም ነው» አሉ፣ ካልሲው የተቀደደው በመንገዱ ይመስል።

ረቡዕ መሆኑን ረስተን ነበር። እኛ አዳማ ረቡዕ ጠዋት ሽሮ በልተን ጾምን እንላለን። እዚያ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። ጨጓራዬ እየጮኸ የዘር ቆጠራው ተጀመረ። መሪጌታ የራሳቸውን ሰባት ቤት በአንድ ትንፋሽ አወረዱት። ተራው የእኔ ሆነ። «አባቴ ይመር፣ አያቴ ወልዴ…» ብዬ ቆምኩ። ከዚያ በላይ ምንም አይታየኝም። መሪጌታ «ምነው? ሁለት ላይ አለቀባችሁ?» አሉ። አስካለ ጉሮሮዋን ጠረገችና የእኔን ዘር እስከ ሰባት ቤት፣ ከዚያም የራሷን አወረደችው። ከመነሳታችን በፊት አክስቴ ጋ ደውላ እንደ ተማሪ አጥንታው ኖሯል። የምንዛመድበት አልተገኘም። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸው ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቀረበልንን የሱፍ ፍትፍት እንዴት እንደበላሁት ባልጽፈው ይሻላል። ማታ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልንና እነሱ መደብ ላይ ተኙ። እንቢ ብንል «እንግዳ የእግዜር ነው» ብለው ዘጉን።

አምስተኛ ቀን። ነገሩ ሁሉ የሆነው ሐሙስ ነው። ጠዋት መሪጌታን «አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው። አስካለ ከፎቶው ላይ ሥዕላቸውን ሠርታ ልትሰጣቸው አስባለች፤ ስጦታው እኛ ማን እንደሆንን ይናገርልናል ብለን ነው። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ዱካቸው ላይ ቀጥ አሉ።

«ትንፋሽ ይሳቡ!» ሳቡ። «ይያዙ!» ያዙ። «እንዳይነቃነቁ!» አልተነቃነቁም። ዜማ ሲጎትት የኖረ ሰው ሳንባ ሌላ ነው። ፀሐይዋ ዋርካው ላይ ስላረፈች ጥላውን ለመሸሽ ወደ ግራ ሄድኩ፣ ወደ ቀኝ መጣሁ፣ ተንበረከክኩ። በዚህ መሃል «ይተንፍሱ» ማለቱን ረሳሁት። ሆስፒታል በነበርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። እማዋይሽ ከማድ ቤቱ በር «ኧረ በሥላሴ! ሰውየውን ልቀቃቸው!» ብለው ጮኹ። «ይተንፍሱ! ይተንፍሱ!» አልኩ። የተነፈሱት ትንፋሽ የተማሪዎቹን መጽሐፍ ገጽ ገለጠ ብል አላጋነንኩም።

ከፊት ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ጉንጫቸው እንደ እምቢልታ ነፊ የተነፋ ሆነ። አንድ ብቻ አማረ። እሳቸው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው ማስተማር ሲቀጥሉ እንደ ልማዴ ከጎን ያነሳሁት። አፍንጫው፣ ጢሙ፣ ጆሮው፣ ከንፈራቸው በዜማው ሲከፈት፣ ሁሉም ነበረበት። አስካለ ካሜራው ላይ አየችውና «ሙላት፣ ይህ ነው» አለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ያመሰገነችኝ ያኔ ነው። እልፍኝ ገብታ በሩን ዘግታ ሳለችው። ስታወጣው ማመን አቃተኝ። ፓፓያ አይደለም፣ ውሻ አይደለም፤ መሪጌታ ላቀ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ለጠላ ተጠርተው መጡ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አስካለ ሥዕሉን በነጠላ ሸፍና አመጣችና በኩራት ገለጠችው። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። መጀመሪያ ያደነቁ መስሎን ነበር። አያ ደምሴ የሚባሉ አዛውንት ጎረቤት ጠላቸውን አስቀመጡ፣ አማተቡና «መሪጌታ፣ ምን አጠፉ?» ብለው ጠየቁ።

መሪጌታ ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። «ሁለተኛው ዓይኔ ወዴት ሄደ?»

«በ… በወዲያኛው በኩል ነው» አልኩ።

«በወዲያኛው በኩል» አሉ ቀስ ብለው። «አቶ ሙላት፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው። ሰይጣን ነው። ጌታን የቸነከሩት ናቸው። እኔን ከየትኞቹ መድባችሁኝ ነው?»

ክው አልኩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያ ዲያቆን ሲናገር የነበረው ይህንን ነው። «አደራ» ሊለን የተመለሰው ልጄ ታየኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ ብድግ ብዬ። «በጎን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ልማድ ነው፤ ደረት እንደዚያ ነው የሚነሳው። እሷ ያየችውን ነው የሳለችው።»

አስካለም ተነሳች። «አይደለም! ፎቶው አልሳለም፤ የሳልኩት እኔ ነኝ። አስተማሪ ነኝ፣ አገሩን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ፎቶው ባይኖር ምኑን ትስይው ነበር?»

«እኔ ካልሳልኩት ፎቶህን ማን ያይልህ ነበር?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩሽ!»

«የእኔ ነው አልኩህ!»

እንዲህ ተጨቃጨቅን። ልጃችን እንዳትጨቃጨቁ ብሎ የለመነን ጭቅጭቅ መጣ፤ ግን ጥፋቱን ለሌላው ለመስጠት ሳይሆን ለራስ ለመውሰድ ስንጣላ የመጀመሪያችን ነበር። ሰው ሁሉ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያል። መሪጌታ ተነሱና መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ወይዘሮ እማዋይሽ ሥዕሉን አንስተው «እሳቸው ደግመው ሳያዩት ላስወግደው» ብለው ይዘውት ገቡ። እንዳቃጠሉት አልተጠራጠርኩም።

ስድስተኛ ቀን። አስካለ ጠዋት በቀጥታ መሪጌታ ፊት ሄዳ ቆመች። «መሪጌታ፣ ይቀመጡልኝ። ፎቶ የለም። እያየሁ ነው የምስልዎት።» በሕይወቷ ከሰው ፊት ለፊት ተቀምጣ ስላ አታውቅም፤ ድምፅዋ ግን ይህን አያሳብቅም። መሪጌታ ዱካቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ቀና ይበሉ! ወደ እኔ ይዩ!»

ተማሪዎቹ መሳቅ ጀመሩ። መሪጌታ ዞረው በዓይናቸው ሲያስፈራሯቸው አስካለ «ወደ እኔ አልኩ!» አለች። ታዘዙ። ሁለት የማዘዝ ልማድ ያላቸው ሰዎች ሲተያዩ ቆዩ። ከዚያ መሪጌታ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ልጃችሁ ይቆጣል?» ብለው ጠየቁ።

«ይቆጣል» አለች። «አባቱ ላይ። እኔ ላይ አይደፍርም።»

«ይታረቃልስ?»

«እሱ ራሱ ነው ቀድሞ የሚመጣው። ይህንን ከአባቱ ነው የወሰደው።»

እኔ ከዋርካው ጀርባ ሆኜ ይህን ስሰማ ስልኬ ጮኸ። ናትናኤል ነው። «ምን አሉ?» አለኝ። «ዓይን እየተሠራ ነው» አልኩት። «የማን ዓይን?» ሲል ዘጋሁት።

ሁለተኛው ሥዕል አለቀ። እውነቱን ልናገር፣ መሪጌታን አይመስልም። የስኒ ማስቀመጫ የሚያክሉ ሁለት ዓይኖች፣ በመሃላቸው ቀጭን አፍንጫ፣ ጥምጥሙ አክሊል መስሏል። መሪጌታ ግን ከሩቅ አዩት፣ ከቅርብ አዩት፣ «አሁን ሸጋ ሁኛለሁ» አሉና በራሳቸው እጅ እልፍኙ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። አያ ደምሴም መጥተው «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው መረቁን። የመልሱን ነገር ግን መሪጌታ አላነሱትም። ወደ ጎንደር የሚመለሰው ሚኒባስ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ሻንጣችንን ስንዘጋ «መልሱን አስቤ በሰው እልካለሁ» አሉ። ይህን የሚል ሰው እንቢ ለማለት ያፈረ ሰው ነው። አስካለ ፊቷን አዞረች። ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግረው ማሰብ ጀመርኩ።

ወይዘሮ እማዋይሽን ልንሰናበት ማድ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ያ የመጀመሪያው ሥዕል ብብታቸው ሥር አለ።

«ያቃጠሉት መስሎኝ ነበር» አለች አስካለ።

«ምነው ብየ!» አሉ። «ያ እልፍኝ የሰቀለው ቅዱስ ነው። ሸጋ ነው፣ ይስቀለው። እኔ የማውቀው ይኸንን ነው። ስንት ዘመን ሙሉ እዚህ በር ላይ ቁሜ ሲያስተምር በዚህ በኩል አየዋለሁ። ይኸው ጆሮው። ይኸው ጢሙን የሚያክበት ቦታ። ዓይኑ አንድ ነው ብለው ጉድ አሉ፤ ለኔማ አንዷ ነች የደረሰችኝ።» እስከዚያን ሰዓት «እሳቸው» ሲሉ ነበር፤ እዚህ ላይ «እሱ» ማለታቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሥዕሉን በጣታቸው እየነኩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እትየ አስካለ፣ እኔንም ሳይኝ። እሱ ከሚያየኝ በኩል አርገሽ።»

አስካለ አስተማሪ ናት፤ የማታውቀውን ትጠይቃለች። ቀጥ ብላ ወደ ዋርካው ሄደች። «መሪጌታ፣ ወይዘሮ እማዋይሽን ልስላቸው ነው። እርስዎ ከየት በኩል ነው የሚያዩዋቸው?»

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚያወርዱት ሰው የሚስታቸውን ፊት በቃላቸው አላወቁትም። ወደ ግራ አሰቡ፣ ወደ ቀኝ አሰቡ። ተማሪዎቹ ዜማቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። መሪጌታ ተነሱ፣ ዱካቸውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ግቢውን አቋርጠው መጡና ማድ ቤቱ በር ላይ፣ ከሚስታቸው ፊት ለፊት አስቀምጠው ተቀመጡ።

«እስቲ ቀና በይ» አሉ።

«ኧረ ተው፣ ተማሪው ያያል» አሉ እማዋይሽ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እንደ ልጃገረድ ሳቁ።

«ተይው፣ ይይ። ወደዚህ ዙሪ። እስቲ ደግሞ ወደዚህ።» ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ ሌንሱን ከደንኩት። ከርቀት የሚኒባሱ ጥሩንባ ተሰማ። እኔም አስካለም አልተንቀሳቀስንም።

እማዋይሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «እንግዲህ ካየኸኝ አይቀር» አሉ፣ «ለነዚህም ሰዎች መልሳቸውን ስጣቸው።»

«እሑድ ሽማግሌዎቹ ቀን ሊቆርጡ ይምጡ» አሉ መሪጌታ። ዓይናቸውን ግን ከሚስታቸው ላይ አላነሱም።